የቀነዓ ቦጂያ የቁም ተዝካር

ስሜ አመለሸጋ ነው። እናቴ ምን ተስፋ አድርጋ እንዳወጣችልኝ አላውቅም እንጂ፣ በሀገረ ሕይወት ከተማ ከኔ ጋር ተጣልቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው የለም። ሥራዬ ማልቀስ ነው። ለቅሶ ቤት ቆሜ ግጥም አወርዳለሁ፣ ሕዝቡ ይቀበለኛል። በአማርኛም በኦሮምኛም እችላለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍነውን ሁሉ አንበሳ ገዳይ አድርጌ ቀብሬያለሁ። ሚስቱን በፍልጥ ሲያሯሩጥ የኖረውን «የዋሁ፣ ርግቡ» ብዬ አገር አስለቅሻለሁ። ሟች ምን ቸገረው? ተነስቶ «ዋሽተሻል» አይለኝ!

በ1960 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ አንድ ሰው ደጄ መጣ። ረጅም ነው፤ ከስቶ እንጨት ሆኗል፤ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል። እንደ ሶማሌ ዘላን ሽርጥ አገልድሟል። ሁለት ወር ያህል ከተማው ውስጥ አይቼዋለሁ። ከፍል ውሃው በላይ ካለው ዋርካ ሥር ያድራል፤ ሰዉ «በረሃው» ይለዋል። አይለምን፣ አያወራ፤ ጠዋት በጉደር መንገድ ብቻውን ይሄዳል፣ ከሰዓት ብቻውን ይመለሳል። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

«አካም ቡልታኒ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለኝ።

«ፈያ። ምን ፈለግህ?»

«እንድታለቅሺልኝ።»

«ማን ሞተብህ?»

«ማንም። ለራሴ ነው።»

«ኧረ ሂድልኝ! ሟርትህን ወዲያ! ቆሞ ለሚሄድ ሰው አላለቅስም። ሞተህ ና።»

«ሞቼ ከመጣሁ አልሰማውም» አለ፤ ሳቅ የለ፣ ፈገግታ የለ። «ዘመድ የለኝም። የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው።»

የቁም ተዝካር ያለ ነገር ነው። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው፣ ሳይሞት ካህናቱን ጠርቶ፣ ድሃውን አብልቶ፣ ተዝካሩን በገዛ እጁ ያወጣል። በልቶ ከሚረሳ ዘመድ የራስ እጅ ይሻላል። ግን እሱ ድግስ ነው፣ ለቅሶ የለበትም። ይኸ ሰው ለቅሶውንም አብሮ ፈለገ።

«ይሁን» አልሁት እያፌዝሁ፣ «ምን ብዬ ላልቅስ? ማንን ገደልህ? ምን ሠራህ?»

«ጠበቅሁ።»

«ምን?»

«ድንጋይ።»

ያበደ መስሎኝ በሩን ልዘጋ ስል ነገሩን ጀመረ። ስሙ ቀነዓ ቦጂያ ነው፤ አገሩ እንጭኒ። በ1941 ዓ.ም. ወታደር ሳለ ኦጋዴን በረሃ ወሰዱትና ከአንድ የድንበር ድንጋይ አጠገብ አቆሙት። «ሦስት ወር ጠብቅ፣ ተተኪህ ይመጣል» አሉት። ተተኪው አልመጣም። ድንጋዩ ዘንድ ውሃ የለም፤ ውሃው ሁለት ቀን ያስኬዳል። ሄዶ ይቀዳል፣ ይመለሳል። ዝናብ ሲጠፋ ከዘላኖች ጋር ርቆ ይከርማል፣ ግመል ያረባል፣ እንደገና ይመለሳል። እንዲህ ሲዞር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በመጨረሻ ዓይኑ ደክሞ ድንጋዩን ስቶ ማለፍ ሲጀምር ወደ አገሩ መጣ።

«እንጭኒ ገባሁ» አለኝ። «አንዲት ኮረዳ ‹ማን ነህ?› አለችኝ። ስሜን ስነግራት ‹የከዳው?› አለችኝ። እዚያ አላደርሁም። አልከዳሁም። እሱን ብቻ በሰው ፊት በይልኝ። አታጋንኚ፤ አጣሪና እውነቱን በይ።»

እውነት አልቅሺልኝ ያለኝ ሰው በዘመኔ አይቼ አላውቅም! እውነት እንዴት እንደሚለቀስ እንኳ አላውቅም። ግን «አልከዳሁም» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ የድምፅ ነገር ይገባኛል። ተናድጄ እሺ አልሁ። ተዝካሩ ጾም ሳይገባ፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ባለው እሁድ እንዲሆን ተነጋገርንና ሄደ።

ላጣራ ተነሥቼ እስከ ሆለታ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተላትሜ እንጭኒ ደረስሁ። ገበያው ዳር እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት አገኘሁ፤ የቀነዓ እናት ጎረቤት ናቸው። «የቀነዓ ቦጂያ ቤት የት ነው?» ብላቸው «የከዳው ቤት በይ፤ እንደሱ ካላልሽ የሚያሳይሽ የለም» አሉኝ። ቤቱ ፈርሶ ቋሚው ብቻ ቀርቷል። ስሙ ግን አልፈረሰም።

«ደብዳቤው የመጣው በአርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው» አሉ። «ጭቃ ሹሙ በገበያ ቀን፣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ አነበበው። ‹ቀነዓ ቦጂያ ከድቶ ጠፍቷል› ይላል። እናትየው ቅቤ ይዛ ነበር፤ ሳትሸጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ በትልቁ መንገድ ሄዳ አታውቅም፤ በሰው ጓሮ ለጓሮ ነበር የምትሄደው። ሰባት ዓመት እንዲያ ኖራ ሞተች። በቀብሯ ቀን አልቃሿ አባቷን አነሳች፣ ባሏን አነሳች፣ በሬዋን ሳይቀር አነሳች። ልጇን ግን ዘለለችው።»

«ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ናት!» አልሁ። «ማን ናት እሷ?»

እማማ ጥሩነሽ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ እንጂ፣ ልጄ» አሉ።

ሞት ይርሳኝ! ረስቼዋለሁ። ስንቱን ቀብሬ የትኛውን ላስታውስ? መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀስ እያለ መጣልኝ። ያን ጊዜ ከሀገረ ሕይወት ድረስ የላከኝ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር። «የሩቅ ዘመዴ ናቸው፤ ባማረ ለቅሶ ይቀበሩ፤ ስለ ልጆቻቸው ግን ምንም አታንሺ» ብሎኝ ነበር። እኔም ምን ገዶኝ፣ አላነሳሁም።

«ሌላ ልጅ ነበራቸው?» አልኋቸው።

«ሞቱማ የሚባል ታናሽ ነበር። ሀገረ ሕይወት ሊማር ሄዶ በዚያው ቀረ። ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም።»

እኔ ግን አወቅሁ። ያ ወጣት ጸሐፊ ዛሬ አቶ ንዋይ ገብረአማኑኤል ይባላል፤ የአውራጃው መዝገብ ቤት ሹም ነው። ክራባት ያስራል፤ በየስብሰባው «በመሠረቱ» ሳይል ንግግር አይጀምርም።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁና፣ «እናትህን በደንብ አልቅሼልህ ነበር?» አልሁት።

ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ አመለሸጋ፣ በመድኃኔ ዓለም ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ወንድምህ እኮ ዋርካ ሥር ነው የሚያድረው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በመስኮት አየዋለሁ።»

በጥፊ ላጮለው ቃጣኝ። እጄን ያቆመው እንባው ነው። «ደብዳቤው ሲነበብ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለ። «እናቴ ስትመለስ አየኋት። ትምህርት ቤት ስገባ ስሜን ለውጬ የክርስትና አባቴን ስም ወሰድሁ። አሁን ለምክትል ወረዳ ገዥነት ታጭቻለሁ፤ ያጩኝ የከተማው ትልቅ ሰው፣ ግራዝማች ማዕረግ ናቸው። የከዳተኛ ወንድም መሆኔ ከተሰማ አለቀልኝ።»

«ለመሆኑ ከድቷል?»

አያውቅም። የደብዳቤዎቹ ግልባጭ እዚሁ መዝገብ ቤት አለ፤ ቁልፉ ስምንት ዓመት በእጁ ነው። ፈርቶ ያን መዝገብ አንድ ቀን አልከፈተውም! «በል አሁን ክፈት፣ አለዚያ እጮሃለሁ» አልሁት፤ መጮህ እንደምችል ከተማው ያውቃል።

አቧራውን እፍ ብሎ አነበበልኝ። ሁለት ወረቀት ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው «ዘብ ቀነዓ ቦጂያ በድንበር ድንጋዩ ዘንድ ሦስት ወር ይቆማል፤ ተተኪ ይላክለታል፤ ተተኪው ሳይደርስ ቦታውን ቢለቅ በሞት ይቀጣል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዘብ ቀነዓ ቦጂያ ሁለት ዓመት በተከታታይ ለዓመታዊው ቆጠራ ከተማ ድረስ መጥቶ ስላልተቆጠረ ከድቷል» ይላል።

«ቆይ፣ ቆይ» አልሁ። «ቦታውን ከለቀቀ ይገደላል፤ ካለቀቀ ደግሞ ከድቷል?»

«በመሠረቱ...» ብሎ ጀመረና አልቻለም። ሦስተኛውን ወረቀት፣ ተተኪውን የሚልከውን፣ ፈልጎ ፈልጎ አጣው። አልተጻፈም ነበር። ከሁለቱም ወረቀት ሥር ያለው ፊርማ አንድ ነው። የያን ጊዜው ጸሐፊ፣ የዛሬው ግራዝማች ማዕረግ ፊርማ ነው። ያን ጊዜ ዘብ ወደ ድንበር በሚልክ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ጣጣ አልፈልግም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ንዋይ ወረቀቶቹን አጠፈ። «ስሜን ብቻ አያንሱ» አለኝ።

«እኔ ለወንድምህ ነው የማለቅስ። ያንተን ለቅሶ ማን ጠየቀኝ?» ብዬ ወጣሁ። ግን በመንገድ ላይ ራሴንም ረገምሁ፤ እሱ ዝለይ ቢለኝ የዘለልሁት እኔ ነኝ።

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ቀነዓ በረሃ ግመሎቹን ሸጦ በያዘው ብር ሁለት ሰንጋ ገዝቶ የነዳው። ወይ ጉድ! ሁለት ወር «በረሃው» ሲባል የከረመው ሰው ሁለት በሬ ከፊቱ ሲያስቀድም ባንድ ጀምበር ዘመድ አፈራ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት በአያቷ በኩል የአክስቱ ልጅ ሆና ተገኘች። አስተማሪው ስለ በረሃው ንግግር ላድርግ አለ፤ ኦጋዴንን በካርታ ላይ አይቶታልና። ድንኳን የሚተክል ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውን የሚቆጣጠር ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ድንኳኑን የተከለው ቀነዓ ራሱ ነው።

ግራዝማች ማዕረግም አስጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ነክረው ተቀምጠዋል።

«ይኸ በረሃ አቋራጭ ጀግና የኔ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ወደ ኦጋዴን የላክሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ፊርማዎን አይቻለሁ።»

ደስ አላቸው። እሳቸው እኮ ትዝ የሚላቸው መላካቸው ብቻ ነው! ስንቱን ፈርመው የትኛውን ያስታውሱ፤ በዚህስ ከኔ አይብሱም።

«እንግዲያው በለቅሶው ስሜ ይነሳ።»

«ይነሳል።»

«በደንብ ይነሳ።»

«አገር እስኪሰማ ነው የማነሳው፣ ጌታዬ።»

ማታውኑ አንድ ሙክት ላኩልኝ። አልመለስሁትም። ምን ሠራና ይመለሳል!

እሁድ ደረሰ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አደረሱ፤ ሕዝቡ በላ፣ ጠጣ። ግራዝማች ከላይ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ናቸው፤ ንዋይ ከጎናቸው ሥጋውን ሳይነካ ተቀምጧል። ቀነዓ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከመሃል ምሰሶው አጠገብ ነው። እኔ ተነሳሁ። በሃያ ስድስት ዓመት እውነት አልቅሼ አላውቅም። ውሸት ሲሉት ይፈሳል፤ እውነት ግን ቃል በቃል ይለቀማል።

«ሦስት ወር ጠብቅ ብለው ቢሰዱት በረሃ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠጣ የጉድጓድ ውሃ።»

«ወይ! ወይ!» ብሎ ሕዝቡ ተቀበለኝ። ግራዝማች መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ለጎረቤታቸውም «እኔ ነኝ የላክሁት» ሲሉ ሰማሁ። ወደ እናቲቱ ዞርሁ።

«ልጇ ሳይከዳባት ከዳ ተባለና፣
በጓሮ ለጓሮ ሆነ የእናት ጎዳና።»

ተዝካሩን ሰምተው ከእንጭኒ የመጡት ሴቶች ጩኸቱን አቀለጡት። አሁን የነሱ ነውር ነው፤ ያውቁታል። ቀነዓ ግን ስለ እናቱ ጓሮ አልሰማም ነበር። ጋቢውን ወደ አፉ ሲወስድ አየሁት። ማቆም ግን አልችልም፤ እውነቱን በይ ያለኝ እሱ ነው።

«ሂድ ያሉት እሳቸው፣ ከድቷል ያሉት እሳቸው፣
ግራዝማች ማዕረግ፣ ሁለት ነው ፊርማቸው።
ከድቷል ብሎ የጻፈው ከጥላ ሥር ሆኖ፣
ያልከዳው ቆሞ ነበር በፀሐይ ተክኖ።»

የተቀበለኝ ሰው የለም። ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ ቃል በቃል በአፌ የያዝኋቸውን፣ ለሕዝቡ ተናገርሁ። ከኋላ አንድ ገበሬ ዘግይቶ ገባውና ሳቀ፤ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። ግራዝማች ተነሱ።

«በሰው ተዝካር ላይ ልሰደብ?» አሉ። «ሟች ቢሰማ ምን ይላል?»

«ሟቹ ይኸው፤ ይጠይቁት!» አልሁ።

ቀነዓ ወደ ፊት መጣ። ሳቁ ቆመ። እንደ ወታደር ተስተካክሎ ከግራዝማች ፊት ቆመና፣ «ጌታዬ፣ ከድተሃል ያሉትን ይሰርዙልኝ። ሌላ አልለምንም» አላቸው።

ግራዝማች ሕዝቡን አዩ፣ ካህናቱን አዩ፣ በጉዳዩ ማሰብ ጀመሩ። ሲያስቡ ደግሞ መጥፎ ናቸው። «መሰረዝስ ይሰረዝ ነበር» አሉ። «ነገር ግን ዘብ ሰው ሳይረከበው ቦታውን ጥሎ ከሄደ ከድቷል። አንተ ተተኪ አላገኘህም፤ ግን መጥተሃል። ስለዚህ ያን ጊዜ አልከዳህም ቢባል እንኳ አሁን ከድተሃል። የሚረከብህ ሰው አምጣና ይሰረዛል። ሕግ ነው።»

ሁለት ሰንጋ የበላው ሕዝብ መሬት መሬቱን አየ። የአክስቱ ልጅ ነኝ ያለችው ባለ ጠጅ ቤቷ ሳትቀር ወደ ሌላ ዞረች። ኦጋዴን ሂዱ ያላቸው ያለ ይመስል! ቀነዓ ግን ቀጥ እንዳለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፣ የዘብ ርክክብ ቃሉን ጀመረ።

«ዘብ ቀነዓ ቦጂያ አስረክባለሁ። ድንጋዩ በቦታው ነው። በምሥራቅ በኩል ጥቂት ተሰንጥቋል፤ በጭቃ ጠግኜዋለሁ። ውሃው የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በበጋ ይደርቃል። ጠላት አልመጣም። ወዳጅም አልመጣም። ማንም አልመጣም።»

የሚረከበው ቢገኝ ብሎ ጠበቀ። የሚጠብቀውን ሰው ዓይኑ በየረድፉ ሲፈልግ ማየት እንዴት ያማል! ከዚያ፣ ከላይ ምንጣፉ ዘንድ፣ ወንበር ተንቋቋ። ንዋይ ተነስቷል።

«ቁጭ በል እንጂ፣ አቶ ንዋይ» አሉ ግራዝማች በቀስታ። «ሹመትህ ነገ ሊጸድቅ ነው፤ ያንተ ጉዳይ አይደለም።»

«ንዋይ አይደለሁም» አለ። «ሞቱማ ቦጂያ እባላለሁ። ወንድሙ ነኝ።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። እሱ ሕዝቡን እየገፋ ወረደ፤ ከወንድሙ ፊት ሲደርስ ቆመ። «ተረክቤያለሁ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ድንጋዩንም ውሃውንም ተረክቤያለሁ። ግራዝማች፣ ይሰርዙ።»

ቀነዓ ደካማ ዓይኑን አጥብቦ አየው። እጁን ዘርግቶ ፊቱን ዳሰሰው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን።

«አርፍደሃል» አለው።

«አዎ» አለ ሞቱማ። «አርፍጃለሁ።»